ምንም የማይነድበት ቤት

ልብስ ሰፊዋ ቤቷን በካርቶን ባሸገችበት ቀን በጣም የከበዳት የስፌት መኪናው አልነበረም። እሱን ወንዶቹ ያነሱታል። የከበዳት የልጆቿ አነጋገር ነው። ሁለቱም ከእሷ ጋር ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ፣ ቃላቸውን ምጥን ማድረግ ከጀመሩ ሰንብተዋል። “እማዬ፣ ይሄን ጨርቅ እንውሰደው ወይስ ይቅር?” ትላታለች ሴቷ ልጇ፣ ጨርቁን ዓይኗ ሥር አስጠግታ፣ ለሕፃን እንደሚያሳዩት። እናቲቱም “ይቅር” ትላለች። ጨርቁ ጥሩ ሱፍ ነበር፤ መቅረት የሚገባው አልነበረም። ግን አእምሮዋን እየሳተች ነው የተባለች ሴት ስለ ሱፍ ብትከራከር ማን ይሰማታል?

ነገሩ የጀመረው በአንድ ድስት ነው። ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ ሾርባ ጥዳ ሳለ ስልክ ተደወለ። የደወለችው ደንበኛ ወሬ የምትወድ ነበረች፤ ከቀሚሷ ወገብ ተነስታ እህቷ ጋ ደረሰች፣ ከእህቷ ወደ እህቷ ባል ተሻገረች፣ የእህቷ ባል ደግሞ ቶሎ የሚያልቅ ሰው አልነበረም። ስልኩ ሲዘጋ ድስቱ ከስሎ፣ ወጥ ቤቱ ጭስ በጭስ ሆኖ ነበር። ድስት አክስሎ የማያውቅ ካለ ይፍረድባት። ልጆቿ ግን ደነገጡ። አባት ሲሞት ልጆች የቀረችውን እናት እንደ እንቁላል መያዝ ይጀምራሉ፤ የማይሰበረውም ነገር የሚሰበር ይመስላቸዋል።

ወንዱ ልጇ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ በሥራው የሚታማ አይደለም። በዚያው ሳምንት መሣሪያውን ተሸክሞ መጣና ቡታጋዙን ነቅሎ አወጣው። የእናቱ ቤት አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሥሩ የሕንፃው የመኪና ማቆሚያ አለ፣ የመብራት ቆጣሪዎቹም የተደረደሩት እዚያው ምድር ቤት ውስጥ ነው። ከቆጣሪው ተነስቶ አውራ ጣት የሚያህል ገመድ ሳበ፤ የወጥ ቤቱን ወለል በስቶ ገመዱን ወደ ላይ አወጣው፤ አዲስ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገጠመላት፤ የውሃ ማሞቂያውንም የክፍል ማሞቂያውንም በኤሌክትሪክ አደረገው። ሰው ቀጥሮ ማሠራት ይችል ነበር፤ “የእናቴን ቤት ሌላ ሰው አይነካውም” አለ። ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጥ ቤቱ መሀል ቆመ።

“ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ውስጥ ምንም የሚነድ ነገር የለም” አለ።

እናቱም ኮራችበት። የሚያኮራ ልጅ ነበር፤ አሁንም ነው።

ደስታውን ትንሽ ያደበዘዘው የሴቷ ልጇ ባል ነው። አማቿ ደግ ሰው ነው፤ ግን በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ የሚይዝ፣ በሩን ቆልፎ ደረጃውን ከወረደ በኋላ መቆለፉን ሊያይ የሚመለስ ዓይነት ነው። ወንዱ ልጇ “አቶ ጥንቃቄ” ይለዋል፣ ባለበትም በሌለበትም። አቶ ጥንቃቄ አዲሱን ምድጃ ሊያይ ሲመጣ መዳፍ የምታህል ነጭ ዕቃ በካርቶኗ ይዞ መጣ።

“ምንድን ናት?” አለችው አማቱ።

“ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ የምትጠቁም ናት። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን ሳያውቀው ነው የሚመርዘው። አየሩ ውስጥ ካለ ትጮኻለች።”

ወንዱ ልጇ ሳቀ። “ወንድሜ፣ ያ ጋዝ የሚመጣው ከሚነድ ነገር ነው። ከከሰል፣ ከቡታጋዝ፣ ከሞተር። ይሄ ቤት እኮ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ነው። ሶኬት ጭስ አያወጣም።”

“ብትኖር ታዲያ ምን ትጎዳለች?”

“ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ጮኻ ለማታውቅ ዕቃ ብዬ አልበሳውም። ለቤታችሁ ውሰዷት፤ ጋዝ የምታነዱት እናንተ ናችሁ።”

“እኛማ ድሮ ሰቅለናል” አለ አቶ ጥንቃቄ።

ልብስ ሰፊዋ ጭቅጭቅ አትወድም። ዕቃዋን ከአማቿ እጅ ተቀብላ “እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ አስቀምጣታለሁ” አለችና ክርና የልብስ ቁልፍ ያለበት መሳቢያ ውስጥ ከተተቻት። መሳቢያው ሲዘጋ ክርክሩም አብሮ ተዘጋ።

ከዚያ ብርዱ ገባና መስኮቶች ተዘጉ። ልብስ ሰፊዋ የምትሰፋው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከአዲሱ ምድጃ አጠገብ ነው፤ ብርሃኑ የሚሻለው እዚያ ነው። ሥራዋንም የምትሠራው ጠዋት ጠዋት ነው። “ከሰዓት በኋላ የተሰፋ ልብስ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል” ትላለች። ታዲያ ጠዋት ጠዋት ራሷን ይወግራት ጀመር። ክሩን በአንድ እጇ፣ መርፌውን በሌላው ይዛ ትፈዛለች። ለምን እንደተነሳች ይጠፋታል። አንድ ቀን መቀሷን ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘችው። ሌላ ቀን አንዷን ደንበኛ በራሷ ሟች እህት ስም ጠራቻት።

ከሁሉም የከፋው ግን የመምህሯ ኮት ነው። መምህሯ የጥንት ደንበኛ ናት፤ ከእሷ ሌላ ሰው ጋ ልብስ አሰፍታ አታውቅም። ኮቱን ለብሳ መስተዋት ፊት ስትቆም ክንዷን ወደ ኋላ የሚጎትት ነገር አለው። ልብስ ሰፊዋ የቀኙን እጅጌ በግራ፣ የግራውን በቀኝ ሰፍታው ነበር። ይሄ ተለማማጅ እንኳ የማይሠራው ስህተት ነው። እያለቀሰች ፈታችው። በማግስቱ ጠዋት ተቀምጣ እንደገና ሰፋችው፤ ያንኑ ስህተት ደገመችው። መምህሯ ሁለተኛ መጥታ ስትለካው አልተቆጣችም። “በጣም ያምራል፣ እጅሽን ይባርከው” ብላ ኮቱን አጣጥፋ ይዛ ሄደች። ልብስ ሰፊዋን የጎዳት ይሄ ነው። ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ፈራች። ሞትንስ ብዙ አትፈራውም፤ ባሏን ከወሰደ ወዲህ እንደ ዘመድ ነው የምታየው። የፈራችው፣ አንድ ቀን ልጇ በሩን አንኳኩቶ ሲገባ “ማንን ፈልገህ ነው?” እንዳትለው ነው። ይሄንን ለማንም አልተናገረችም፤ እየሰፋች ታስበዋለች፣ እያሰበች ትሳሳታለች።

ልጆቿም “እርጅና ብቻውን አይመጣም” ተባባሉ። ሴቷ ልጇ ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤቷ ትወስዳት ጀመር። እዚያ ደግሞ ሌላ ሰው ናት። ራስ ምታቱ ይለቃታል፣ ተረብ ትጀምራለች፣ ለልጅ ልጇ የሰፋችው የትምህርት ቤት ሱሪ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ወደ ቤቷ በተመለሰች ማግስት ግን ያው መፍዘዝ፣ ያው መርሳት። ልጆቹ ይሄን አዩና “ሰው ስታገኝ ይሻላታል፤ ብቸኝነት ነው የሚጎዳት” ብለው ደመደሙ። ነገሩ ውሃ የሚያነሳ ይመስል ነበር፤ እሷም አመነችው። ስለዚህ ቤቱ እንዲከራይ፣ እሷ ጠቅልላ ልጇ ጋ እንድትገባ ተወሰነ። የልጅቷ ቤት ጠባብ ነውና የስፌት መኪናው ሥራ ለጀመረ ሌላ ሰፊ እንዲሰጥ ሆነ። “እሺ” አለች።

እንግዲህ የማሸጊያው ቀን ጠዋት ይሄው ነው። አቶ ጥንቃቄ የታሸገውን እየተሸከመ ውጭ መንገድ ላይ የቆመው መኪና ላይ ይጭናል። እናትና ሁለቱ ልጆች ወጥ ቤቱን ያራግፋሉ። ብርድ ስለሆነ መስኮቱ ተዘግቷል። ከሥር፣ ከምድር ቤቱ፣ የጎረቤታቸው አሮጌ መኪና እንደ ወትሮው ያጓራል።

ጎረቤቱ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው። “ጋሽ ቀስ በል” ይሉታል፤ ሲነዳ እግረኛ ስለሚቀድመው ነው። መኪናውን የሚነዳው አንዳንዴ ነው፤ የሚያስነሳው ግን በየቀኑ። “ሞተር እንደ ሰው ነው፣ ሳይሞቅ አይታዘዝም” ይላል። ብርድ ሲሆን ንፋስ እንዳይገባበት የምድር ቤቱን በር ይዘጋና ሞተሩን አስነስቶ ይተወዋል፤ እሱ ግን ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ ቁርሱን ይበላል። ሕንፃው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይሄን ያውቃል። ያስቃቸዋል እንጂ አስቦት የሚያውቅ የለም።

“ጋሽ ቀስ በል ዛሬም መኪናውን ቁርስ እያበላው ነው” አለ ወንዱ ልጇ። እናቱ ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ራሷን አሳመማት።

የመሳቢያውን ክር ወደ ካርቶን ስትገለብጥ ያቺ ነጭ ዕቃ እጇ ላይ ወጣች።

“ይቺን እናንተ ጋ ልያዛት” አለች ለልጇ፤ “ለምተኛበት ክፍል ትሆናለች።”

“መሥራቷን ልይልሽ” አለ ወንዱ ልጇ። ከሬዲዮኗ ባትሪዎች አውጥቶ ከተተላት። አንዴ ጢጥ አለችና አረንጓዴ መብራቷ በራ። ጠረጴዛው ላይ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ መሀል አስቀመጣትና ሳህን መጠቅለሉን ቀጠለ።

ቆየት ብሎ ሴቷ ልጇ አዛጋች። “ይሄ ዕቃ ማሸግ ራስ ያዞራል” አለች። ወንድሟም ግንባሩን እያሸ “እኔም ትናንት በደንብ አልተኛሁም” አለ። እናታቸው ካርቶን ማሰሯን ቀጠለች። እሷን ከነጋ ጀምሮ እየወገራት ነው፤ ለምዳዋለች።

ድንገት ዕቃዋ ጮኸች። ድምፁ ጆሮ ይበሳል። ወንዱ ልጇ ቁልፏን ተጫናት፤ ዝም አለችና መልሳ ጮኸች።

“ተበላሽታለች” አለ። “መሳቢያ ውስጥ ስትከርም እርጥበት ገብቷት ነው።”

በረንዳ ይዟት ወጣ። እዚያ ጥቂት ጮኻ ዝም አለች፤ አረንጓዴ መብራቷም ተመለሰ። “ይኸው፣ ደህና ሆነች” ብሎ ወደ ጠረጴዛው መለሳት። ብዙም ሳትቆይ ጮኸች። በረንዳ ወሰዳት፤ ዝም አለች። መለሳት፤ ጮኸች። ሰውየው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ መዳፍ በምታህል ዕቃ መሸነፍ አልወደደም።

“ይቺስ የለየላት እብድ ናት” አለ ተናዶ። “ውጭ ስትወጣ ደህና፣ ቤት ስትገባ እብድ። ቅርጫት ነው የሚገባት።” እጁን ወደ ቆሻሻው ቅርጫት ዘረጋ።

“ቆይ፣ አትጣላት” አለች እናቱ።

ድምፅዋ እንደ ድሮው ነበረና ሁለቱም ልጆች ዞረው አዩዋት። ቀና ብላ ቆማለች።

“አሁን ምን አልክ?”

“ተበላሽታለች ነው ያልኩት፣ እማዬ።”

“እሱን አይደለም። ከእሱ ቀጥለህ።”

“ውጭ ስትወጣ ደህና፣ ቤት ስትገባ…” አለ ልጁ፤ ቀሪውን አልጨረሰውም።

ልብስ ሰፊዋ የምትጮኸውን ዕቃ ከእጁ ወሰደችና ደረቷ ላይ አቀፈቻት። “እኔም እህትህ ጋ ስሄድ ይሻለኛል፤ እዚህ ስመለስ ይብሰኛል” አለች። “እኔንም ተበላሸች አላችሁኝ።”

“ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም” ይባላል። ልብስ ሰፊዋ ግን ምን ብላ ትጩህ? ምን እንደነካት የማታውቅ ሴት ናት። መጮህ የነበረባት ዕቃ ደግሞ በክርና በቁልፍ መሀል፣ ባትሪ ሳይገባላት ከርማለች።

በዚህ መሀል አቶ ጥንቃቄ ጩኸቱን ከደረጃው ጀምሮ ሰምቶ እያለከለከ ገባ። በትዳሩ ዘመን ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ያን ቀን አደረገው። “መስኮቱን ክፈቱና ውጡ። ዕቃ ተዉት። ሁላችሁም ውጡ።” አማቱን በክንዷ ደግፎ፣ ሚስቱን በትከሻዋ እየገፋ፣ የሚስቱን ወንድም ደግሞ በኮሌታው ይዞ ደረጃውን አወረዳቸው።

አቶ ጥንቃቄ የደወለላቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው መጀመሪያ የምድር ቤቱን በር ከፍተው ሞተሩን አጠፉ። ከዚያ አንዲት ሠራተኛ መለኪያ ይዛ ወደ ቤቱ ገባች። መለኪያውን እያየች ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት ሄደች፣ ከወጥ ቤቱም ወደ ምድጃው ተጠጋች፣ ቁጥሩም እየጨመረ ሄደ። ምድጃውን ከግድግዳው ሳበችው። ወለሉ ላይ ያ ገመድ የወጣበት ቀዳዳ አለ። ገመዱ አውራ ጣት ያህላል፤ ቀዳዳው ቡጢ ያስገባል። ወንዱ ልጇ አልቀርም ብሎ በራፉ ላይ ቆሞ ያያል። ጠረኑን አሁን አወቀው፤ ከቀዳዳው የሚወጣው የጋለ ሞተር ሽታ ወጥ ቤቱን ሞልቶታል። እስከዚያ ቀን ድረስ ከመንገድ የሚገባ ነው ይሉት ነበር።

“ልደፍነው ነበር” አለ ልጁ፣ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ። “ሲሚንቶ አለቀብኝና ለነገ አልኩት። ከዚያ ምድጃው ሸፈነው።”

“ሁሉ ነገር ኤሌክትሪክ ነው፣ የሚነድ የለም ብላችሁ ነው ጠቋሚ ያልሰቀላችሁት” አለች ሠራተኛዋ። አልተቆጣችም፤ ስንቱ ቤት ያንኑ ሰምታለች። “ምድጃችሁ አይነድም፤ ከሥራችሁ ግን የሚነድ አለ። ጭስ የማን ቤት ነው ብሎ አይጠይቅም።”

ጋሽ ቀስ በል ጫጫታውን ሰምቶ ሲወርድ ጉንጩ ውስጥ ገና ያልተዋጠ ዳቦ ነበር። በነገሩት ጊዜ ደረጃው ላይ ቆሞ ቀረ። “እትዬ፣ እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩሽ?” አላት ልብስ ሰፊዋን። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

እሷ ግን እሱን አልሰማችውም። ብርድ ልብስ ተከናንባ ታችኛው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች፤ የምታየው ሠራተኛዋን ነው።

“የኔ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ። የሚያስረሳኝ ይሄ ነው? እጅጌ የሚያሳስተኝ?”

“ራስ ያማል፣ ያፈዛል፣ ያስረሳል፣ ሥራ ያሳስታል” አለች ሠራተኛዋ። “ሐኪሙ በደም ምርመራ ያረጋግጥልዎታል። ግን እማማ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ በእግርዎ ቆመው መስፋትዎ ነው እኔን የሚገርመኝ። እኔ ብሆን የራሴንም ስም እረሳ ነበር።”

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን በብርድ ልብሱ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሴቷ ልጇ ሮጣ አቀፈቻት፤ የምታለቅስ መስሏት ነው። ብርድ ልብሱን ገለጥ ስታደርገው እናቷ ትስቃለች፤ ደግሞም ታለቅሳለች፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ነው የመጡባት። “አላበድኩም” አለቻት። “የኔ ልጅ፣ አላበድኩም እኮ።”

ሐኪም ቤት ደሟ ተመረመረ፣ ያው ሆነ። ልጆቿም ተመረመሩ፤ የእነሱ ትንሽ ነው። አፍና አፍንጫዋ ላይ ኦክስጅን አድርገው አስተኟት። ሐኪሙ ሲመጣ ነገሩን አላዞረም፦ መርዙ ከሰውነቷ ይወጣል፤ ራስ ምታቱ ቶሎ፣ መፍዘዙ ቀስ እያለ ይለቃታል፤ የእርጅናን ነገር እንደሆነ እርጅናው ሲመጣ ያወሩታል። ሴቷ ልጇ ይሄን ስትሰማ ወንበሩ ላይ ተዘረጋች፤ እፎይ ያለችው ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

ወንዱ ልጅ ግን ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። እናቱን ከእሳት አድናለሁ ብሎ ጭሱን በገዛ እጁ ከምድር ቤት ጎትቶ አመጣላት። ይባስ ብሎ የራሱን ቀዳዳ ጥፋት በእሷ ጭንቅላት አሳበበ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። አቶ ጥንቃቄ አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠ። “ነግሬህ ነበር” ማለት ይችል ነበር፤ ማንም አይፈርድበትም። አላለም። ውሃ ይዞለት መጥቶ ነበር፤ ሰጠው። የዚያን ሰው ደግነት ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አይገኝም።

ማታ ልጁ ገብቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

“እማዬ፣ በዚህ እጄ ልገድልሽ ነበር” አለ።

“ባትሪውን በየትኛው እጅህ ነው የከተትከው?” አለችው።

ቀና ብሎ አያት።

“በዚሁ እጅህ ነው። ልጅ ስትሆንም እንዲሁ ነበርክ፤ ራስህ ትሰብርና ራስህ ትጠግናለህ። አሁን ሂድና ቀዳዳዬን ድፈን። ደግሞም ለነገ አትበለው።”

ያንኑ ለት ሄዶ ደፈነው። የደፈነው እሳትም ጭስም በማያሳልፍ መድፈኛ ነው፤ ከላይም ከታችም። ድፍኑን በእጁ ዳሰሰው፣ በመብራት አየው፣ ወጥቶ ከሄደ በኋላ ደረጃው ግማሽ ላይ ተመልሶ መጥቶ ደግሞ ዳሰሰው። አሁን በዚያ ቤተሰብ ውስጥ አቶ ጥንቃቄ ሁለት ሆነዋል። ነጯን ዕቃ በአዲሱ ቀለም ላይ ግድግዳውን በስቶ ሰቀላት፤ አንዲት ሌላም መኝታ ቤቷ አጠገብ ጨመረ። ከዚያ በየፎቁ እያንኳኳ “ጠቋሚ አላችሁ?” ይል ጀመር። አንዳንዱ “የኛ ቤት እኮ ኤሌክትሪክ ነው” ይለዋል። ያን ጊዜ ወደ እናቱ ቤት ያመጣውና፣ ምድጃውን ስቦ፣ የተደፈነውን ቀዳዳ ያሳየዋል። የራሱን ጥፋት እንዲህ በአደባባይ የሚያሳይ ባለሙያ ብዙ አይደለም።

ጋሽ ቀስ በልም ከዚያ ወዲህ መኪናውን እየገፋ ከምድር ቤት ያወጣና ውጭ ነው የሚያስነሳው። ለብቻው ስለማይችል ቀድሞ የተገኘው ይገፋለታል። መኪናው የሚፈጥነው ሲገፋ ነው እያሉ ይስቁበታል። እሱም ይስቃል። ከሁሉም በላይ ልብስ ሰፊዋ ደህና መሆኗን በዓይኑ እስኪያይ ድረስ ቁርሱን የማይበላ ሆኗል፤ በየጠዋቱ በሯን አንኳኩቶ “እትዬ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?” ብሎ ይጠይቃታል። እሷም ሆን ብላ የተሳሳተ ቀን ትነግረውና ፊቱ ሲለዋወጥ ታያለች።

ካርቶኖቹ ተፈቱ። ቤቱ አልተከራየም፣ የስፌት መኪናውም የትም አልሄደም። ያም ጥሩ ሱፍ ወደ ቦታው ተመለሰ። ልብስ ሰፊዋ እጇን ለማመን ጊዜ ወሰደባት። መጀመሪያ መጋረጃ ሰፋች፣ ቀጥሎ የትራስ ልብስ፤ ስታምነው ወደ መምህሯ ደውላ “ያን ኮት አምጪው” አለቻት።

መምህሯ ኮቱን ይዛ በመጣች ጠዋት ወንዱ ልጅም ሴቷም ልጅ ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ ሁለቱን እጅጌዎች ፈታች፣ በስፒል አያያዘች፣ የቀኙን በቀኝ፣ የግራውን በግራ ሰፋች። መምህሯ ለበሰችው። ክንዷን አነሳች፣ አወረደች፣ ወደ ኋላ ዞረች። የጎተታት ነገር የለም። በዚህ ጊዜ “ያምራል” አላለችም፤ ዝም ብላ መስተዋቱ ውስጥ ሳቀች። ልብስ ሰፊዋ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

“ቆይ፣ ገበሩን አንድ ጊዜ ልይልሽ” አለችና ጠረጴዛውን ዳበሰች። የስፌት መኪናውን ሥር አየች። ጨርቁን አነሳች፣ አስቀመጠች። “መነጽሬ የት ሄደ? አሁን እዚህ አድርጌው አልነበር እንዴ?”

ሴቷ ልጇ ሳህን እንደያዘች ቀረች። ወንዱ ልጅ ፊቱ አመድ መሰለ። ሁለቱም ቀስ ብለው አንገታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ነጯ ዕቃ ዝም እንዳለች ነው፤ አረንጓዴ መብራቷም በርቷል።

“እትዬ” አለች መምህሯ፣ “መነጽርሽ እኮ ግንባርሽ ላይ ነው።”

ልብስ ሰፊዋ እጇን ወደ ግንባሯ ሰደደች። አገኘችው። ልጆቿን አየቻቸው፣ ግድግዳው ላይ ያለችውንም አየቻት። ከዚያ መነጽሩን ዓይኗ ላይ አወረደችና ወንበሯን ወደ ስፌት መኪናዋ ሳበች።

“አይዟችሁ” አለች፣ “ይቺስ የራሴ ናት።”